ሀሁና አቡጊዳ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል፥ ኅዳር 12 ቀን፥ የወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተናገሩት ቃል



የደብራችሁን 50ኛ ዓመት በምታከብሩበት በዚህ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ በፊታችሁ ቆሜ ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ጊዜው መጸው ነው። ዘመነ ጽጌ ካለፈ ሳምንት ሆነው፤ ጤፉም ለአጨዳ ደርሷል። ትምህርት ቤቶቻችን በመስከረም ከተከፈቱ ሁለት ወር አልፏቸዋልና ገበሬ አዝመራውን ዞሮ እንደሚያይ እኛም የዘራነውን ዞረን እንይ።

ደስ የሚያሰኘውን አስቀድሜ ልናገር። በመስከረም ልጆቻችሁን በብዛት አስመዝግባችኋል፤ ሴቶቹንም ከወንዶቹ አልለያችሁም። በዚህ ወር ግን ወደ ክፍሎቹ ስገባ ብዙ ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘሁ። አንዱ ለአጨዳ፥ አንዱ ከብት ለመጠበቅ ቀርቷል፤ አንዲቱም ታናሿን አዝላ እቤት ውላለች። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናገረው ስለ ቀሩት ብቻ አይደለም፤ ስለ መጡትም ጭምር ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የ3ኛ ክፍል ቤት ገብቼ አንድ ሕፃን እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። መጽሐፉን ገልጦ ገጹን ከላይ እስከ ታች ያለ ስሕተት ወጣው። ደስ ብሎኝ ከመካከሉ አንድ ቃል በጣቴ አመልክቼ፥ «ይህስ ምን ይላል?» ብለው ዝም አለ። ሌላም ባሳየው ዝም አለ። ገጹን ያጠናው በጆሮው ነበር እንጂ በዓይኑ አልነበረም። ሕፃኑ አልበደለም፤ ሳያነብ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፍነው እኛ ነን።

አባቶቼ፥ እናንተ ይህን ሕመም ከጥንት ታውቁታላችሁ፤ መድኃኒቱንም ታውቁታላችሁ። በንባብ ቤት ሕፃኑ ሀሁን በተራ ቢቈጥር መምህሩ በዚህ ብቻ አይረኩም፤ አቡጊዳን ያስቈጥሩታል። በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ስለሚለወጥ በቃሉ የሸመደደው ይያዛል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየው ግን ያልፋል። ከዚያም ወደ ዮሐንስ መልእክት፥ ወደ ወንጌል፥ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገራል። መምህሩም እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ሳይሰሙ ወደ ፊት አይለቁትም።

እኛ ግን ሀሁን ይዘን አቡጊዳን ተውን። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ተሠርቷል፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው። በዚያው ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉት ልጆች፥ መምህሩ ዘወትር እየመዘነና እየረዳ፥ ሳይወድቁ እንዲያልፉ ተደረገ። ምዘናውና ርዳታው ሲጐድል ግን ማለፉ ብቻ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ፈተና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ የሚያህሉት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ኋላም የ12ኛ ክፍል ፈተና መሰረቁ ስለ በዛ፥ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሆነ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። ብዙ ሰው አዘነ፤ ፈተናውን የረገመም አለ። እኔ ግን ያ ፈተና ለአገራችን አቡጊዳ ነበረ እላለሁ፤ የተሰወረውን ገለጠ እንጂ ጕድለቱን አላመጣውም። ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ የወደቁት በ12ኛ ክፍል ሳይሆን ገና በ2ኛ ክፍል ነበር።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤታችን እስከ 4ኛ ክፍል ያለው ልጅ ሁሉ ለብቻው እያነበበ እንዲሰማ ወስኗል። ማንበብ ያልቻለውም ሳያፍር ወደ ፊደል ተመልሶ ይማራል። ነገር ግን አንድ መምህር ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ብቻውን አይዘልቀውምና ከእናንተ ሦስት ነገር እለምናለሁ።

ወላጆች፥ አዝመራው ዝናብ እንዳይመታው መፍራታችሁን አውቃለሁ። ልጁ ግን ጧት ይማር፤ ከሰዓት በኋላ ያግዛችሁ። ሁለተኛ፥ ማታ ማታ አንድ ገጽ ያንብብላችሁ። ፊደል ያልቈጠረች እናትም ከገጹ መካከል አንድ ቃል በጣቷ አሳይታ «ይህን በለኝ» ብትለው፥ ማወቁን ከፊቱ ታነብበዋለች። ሦስተኛ፥ አባቶች ካህናት፥ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርት አይሰጥበትም፤ እኔም ይህን አልጠይቅም። የምለምነው የመስማት ሥርዓታችሁን እንድታበድሩን ነው። በንባብ ቤት የቀደመው ልጅ የኋለኛውን እንደሚያስቈጥር፥ እንዲሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዐፀዱ ጥላ ሥር ታላቁ ታናሹን ያስነብብ፤ ከእናንተም አንዱ ይስማቸው።

በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው፥ ኢዮቤልዩ ርስቱ ከእጁ የወጣ ሰው ወደ ርስቱ የሚመለስበት 50ኛው ዓመት ነው። ንባብም የልጆቻችን ርስት ነው፤ በእኛ ቸልታ ከእጃቸው ወጥቷል። በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት እንመልስላቸው። እኔም በመጪው ዓመት በዚህ በዓል፥ ፈቃዳችሁ ቢሆን፥ ያን ሕፃን ይዤ እመጣለሁ፤ መጽሐፉን ገልጣችሁ ከመካከል ጠይቁት።

የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።