«አርቲኩሌትሊ» እና የአማርኛ አቻዎቹ



የአነጋገርን ጥራት ከሚገልጹት የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሦች መካከል ተርጓሚን አብዝቶ የሚያስቸግረው «አርቲኩሌትሊ» የተባለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ «በግልጽ» ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ ግን ለቃሉ ይጠበዋል።

ሥሩ በላቲን «አርቲኩሉስ» ሲሆን ትንሽ መገጣጠሚያ፣ አንጓ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ከዚሁ ሥር የወጣው «አርቲኩሌትድ» ተሳቢው በማጠፊያ ለተያያዘ የጭነት መኪና ያገለግላል። እንግዲህ «አርቲኩሌትሊ» የተናገረ ሰው ንግግሩን እንደ ሸንበቆ አንጓ አንጓውን የለየ፣ የለየውንም መልሶ ያያያዘ ነው። አንጓው የድምፅም የሐሳብም ሊሆን ይችላል። «ዲስቲንክትሊ» ስለ አነጋገር ሲነገር በይበልጥ የጆሮ ነው፤ «አርቲኩሌትሊ» ግን ዛሬ ወደ ሐሳቡ አዘንብሏል።

በእኛ በኩል «አጥርቶ ተናገረ» ለሁለቱም ይበቃል። «አፍረጥርጦ ተናገረ» ግን አቻው አይደለም፤ እርሱ የድፍረት ቃል ነውና፣ አፍረጥርጦ እየተናገረ ነገሩን የሚያደበላልቅ ሞልቷል። የግእዙ «አንደበተ ርቱዕ» ውብ ነው፤ ሆኖም ግእዝ የሚያየው መቃናትን እንጂ መገጣጠምን አይደለም። ደግሞም ንጹሕ ምስጋና ነው። የእንግሊዝኛው ቅጽል ግን ጥላ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሴናተር ጆ ባይደን ባራክ ኦባማን በዚህ ቃል ሲያመሰግኑ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ቅር ተሰኙ፤ «ከእናንተ ወገን ይህ አይጠበቅም ነበር» የሚል ንቀት ሰምተውበታልና። ተናጋሪውም ማዘናቸውን ገለጹ። ይህን ወሬ «አንደበተ ርቱዕ» ብሎ ብቻ የተረጎመ ሰው አንባቢውን «ታዲያ ምን አስቀየማቸው?» ያሰኘዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሆስፒታሉ ጉዳይ ነው። ድንገት ስትሮክ የመታው ሕመምተኛ «አርቲኩሌትሊ አይናገርም» ቢባል፣ አስተርጓሚው በምን ቃል ለቤተ ሰቡ ያደርሰዋል? የአፍ ጡንቻዎች አልታዘዝ ብለው ንግግር ሲኮላተፍ ሐኪሞች ዲስአርትሪያ ይሉታል፤ የግሪኩ ሥር «አርትሮን»ም መገጣጠሚያ ማለት መሆኑ ያስገርማል። ቃል ራሱ ሲጠፋ ወይም የሰሙትን መረዳት ሲያቅት ግን አፌዥያ ነው። በመጀመሪያው ሕመምተኛው ቃሉን ያውቀዋል፤ ጽፎ ሊያስረዳ ይችል ይሆናል። «በግልጽ አይናገርም» የሚለው ትርጉም ይህን ልዩነት ይደመስሳል፤ ቤተ ሰቡም አእምሮው ተነካ ብሎ ሊያለቅስ ይችላል። ስለዚህ አስተርጓሚው ከመተርጐሙ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል፦ የከበደው ምላሱ ነው ወይስ የጠፋበት ቃሉ?