ነጋዴዎች ስለ ራሳቸው የጻፉት ታሪክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ታላላቅ ነጋዴዎችና የፋብሪካ ባለቤቶች ስለ ገዛ ሕይወታቸው የጻፉት መጽሐፍ ነው። ምክንያታችንም ቀላል ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚህ ግቢ ወጥተን አንዳንዶቻችን ተቀጣሪ፥ አንዳንዶቻችንም እግዚአብሔር ቢፈቅድ ቀጣሪ እንሆናለን። ድኻ የነበረ ሰው እንዴት ባለጸጋ እንደ ሆነ ለማወቅ የማይፈልግ ደግሞ ማን አለ?

በአገራችን የራሳቸውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት ሥራ ወይም በጦር ሜዳ የዋሉ ናቸው፤ ለምሳሌ ያህል የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ መጥቀስ ይበቃል። ነጋዴው ግን ሒሳቡን እንጂ ሕይወቱን ብዙም አልጻፈም። ስለዚህ የባሕር ማዶውን ለማንበብ እንገደዳለን። ከእነዚህም የብረቱን ከበርቴ የአንድሩ ካርኔጊን መጽሐፍ መርጠናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ካርኔጊ በ1835 በስኮትላንድ በደንፈርምሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሸማኔ ነበር። በእንፋሎት ኃይል የሚሠራው መሸመኛ መኪና በመጣ ጊዜ የእጅ ሸማኔ እንጀራው ተቋረጠና ቤተ ሰቡ በ1848 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ልጁም ገና በዐሥራ ሦስት ዓመቱ በጥጥ ፋብሪካ ገብቶ የክር ማጠንጠኛ እየለወጠ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያገኝ ጀመር። ከዚያም የቴሌግራም መልእክተኛ ሆኖ 2 ዶላር ተኩል ደረሰ። በዚያ ዘመን ኮሎኔል አንደርሰን የሚባል ደግ ሰው 400 ያህል መጻሕፍቱን ለሠራተኛ ልጆች ያውስ ነበር። መልእክተኞች የእጅ ሙያ የላቸውም ተብለው በነፃ እንዳይዋሱ ቢከለከሉ ትንሹ ካርኔጊ ለጋዜጣ ጽፎ ተከራከረ፤ ተፈቀደላቸውም።

ይህ የመጽሐፉ ክፍል እጅግ ያማረ ነው። ሰውየው ሸምግሎ ሲጽፍ የመጀመሪያ ደመወዙን እስከ ሳንቲሙ ድረስ ያስታውሳል፤ በኋላ ያገኘው ሚሊዮን ሁሉ ያችን ሳምንት ያህል ደስ እንዳላሰኘው ይናገራል። እኛም እናምነዋለን። የመጀመሪያ ደመወዙን የሚረሳ ሰው የለምና።

ንባባችንን ስንቀጥል ግን ሆምስቴድ ላይ ደረስን። ሆምስቴድ በፒትስበርግ አጠገብ የካርኔጊ ታላቅ የብረት ፋብሪካ የነበረበት ስፍራ ነው። በ1892 አስተዳዳሪው ሄንሪ ፍሪክ ክፍያ እንዲቀነስ ስለ ፈለገ ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር ሳይስማማ ቀረና ሠራተኞቹን ከውጭ ዘጋባቸው። ጁላይ 6 ቀን 300 ያህል የታጠቁ የፒንከርተን ኩባንያ ዘበኞች ሌሊት በወንዝ መጡ። ተኩስ ተከፈተ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ ከሞቱት የሚበዙት ግን ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጦር ገባ፤ ማኅበሩም ከፋብሪካው ጠፋ።

ካርኔጊ በዚያን ጊዜ በስኮትላንድ ነበር። መጽሐፉም ይህንኑ አጥብቆ ይነግረናል፤ ሩቅ እንደ ነበረ፥ ወሬውን ዘግይቶ እንደ ሰማ፥ በሕይወቱ እንዲህ ያቈሰለው ነገር እንዳልነበረ። ይህ ሁሉ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ከግጭቱ በፊት ለፍሪክ በጻፈው ደብዳቤ እርምጃውን እንደሚደግፍ ገልጾለት ነበር፤ ደብዳቤውም ሳይጠፋ ለታሪክ ጸሐፊዎች ደርሷል። መጽሐፉ ስለዚህ ዝም ይላል።

በዚሁ ምዕራፍ ሰፊ ቦታ ያገኘው የማክሉኪ ታሪክ ነው። ማክሉኪ የከተማው ሹም ነበር፤ ከሠራተኞቹ ጋር ወግኖ ስለ ተከሰሰ ወደ ሜክሲኮ ሸሸ። ፕሮፌሰር ቫን ዳይክ የተባለ የካርኔጊ ወዳጅ በችግር ላይ አገኘውና የሰጪውን ስም ሳይገልጽ ገንዘብ አቀረበለት። ማክሉኪ ግን በራሴ ጥረት እኖራለሁ ብሎ እምቢ አለ። በኋላ በምድር ባቡር ሥራ ተቀጥሮ ሲያልፍለት ገንዘቡ የካርኔጊ እንደ ነበረ ቢነገረው ሰውየውን አመሰገነ። ካርኔጊም ይህን ምስጋና በታላቅ ደስታ ይተርካል። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ይህን ያህል የተተረከለት፥ በመጨረሻ ጌታውን ያመሰገነው ሰው ነው። ደግሞም ካርኔጊ በ1919 ከሞተ በኋላ መጽሐፉን አሰናድቶ በ1920 እንዲወጣ ያደረገው ይኸው ቫን ዳይክ ነው።

በወንጌል የምናውቀው ዘኬዎስም ሀብታም ነበር፤ ስለ ራሱም ተናግሯል። የእርሱ ንግግር ግን በግፍ የወሰደውን ስንት እጥፍ እንደሚመልስ የሚቈጥር ነው። እንዲህ ያለ ገጽ በነጋዴዎች መጽሐፍ ውስጥ ገና አላገኘንም፤ ያገኘ ቢኖር ያውሰን። ወደዚያ ትንሽ የሚጠጋው ሄንሪ ፎርድ ነው። በ1922 በወጣው መጽሐፉ፥ በ1914 የቀን ደመወዝን 5 ዶላር ማድረጉ ወጪ ለመቀነስ እንደ ጠቀመው ሳይደብቅ ይናገራል። ይህን ግልጽነት ወደንለታል፤ ምንም እንኳ ብዕሩን የያዘለት ሳሙኤል ክራውተር የሚባል ጋዜጠኛ ቢሆን።

ካርኔጊ በ1901 ድርጅቱን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ገንዘቡን ለበጎ ሥራ አዋለ፤ በልዩ ልዩ አገር ከ2,500 የሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት በእርሱ ገንዘብ ተሠርተዋል። ለሆምስቴድም በ1898 አንድ ተከፍቶላታል። በዚህ ነገር ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሯል። ግማሾቻችን መጽሐፍ ተውሶ ያደገ ልጅ ዕዳውን ከዚህ የበለጠ እንዴት ይከፍላል ስንል፥ የቀሩት ደግሞ በቀን 12 ሰዓት በእቶን ፊት የሚቆም ሰው መቼ ያነባል ብለዋል። ክርክሩ ደወል እስኪደወል ድረስ አላለቀም፤ እስከ ዛሬም አላለቀም።

ከወላጆቻችን መካከል በንግድ ሥራ ላይ የምትገኙ አላችሁ። አንድ ልመና በትሕትና እናቀርባለን። በአንዲት በቅሎ ወይም በአንድ ኩንታል እንዴት እንደ ጀመራችሁ፥ ስንት ጊዜ ከስራችሁ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣችሁ ጻፉልን። በመጋዘናችሁ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች በቀን ስንት ይከፈላቸው እንደ ነበረም አብራችሁ ጻፉልን።