አፈራችን የማይለቃቸው ብረቶች
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በዛሬው ዕለት ስለ ምርትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተብሏል። እኔ ደግሞ ሁለቱም ስለሚገኙበት አፈርና ከባድ ብረቶች ስለሚባሉት ንጥረ ነገሮች ጥቂት እናገራለሁ።

እርሳስ ወይም ሊድ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና ክሮሚየም ከእነዚህ ይመደባሉ። አንድ ሊትር ውሃ በሚይዝ ዕቃ እርሳስ ቢሞላ ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለገበሬ ዋናው ጉዳይ ግን ክብደታቸው ሳይሆን አለመጥፋታቸው ነው። ብዙዎቹ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በጊዜ ብዛት ይፈራርሳሉ። ከባድ ብረት ግን ራሱ መሠረታዊ ንጥረ ነገር በመሆኑ መልኩን ቢለውጥም አይበሰብስም።

ጠባያቸው ይለያያል። እርሳስ አፈር ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በአብዛኛው የሚጎዳን በአቧራና በደንብ ባልታጠበ አትክልት ነው። ካድሚየም ግን በኬሚካዊ ጠባዩ ዚንክን ስለሚመስል ተክሉ በሥሩ ይስበዋል። ቅጠል ውስጥ ከገባ ማጠብ አያስወጣውም። በሰው ኩላሊትም ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። አፈሩ አሲዳማ በሆነ መጠን ደግሞ ወደ ሰብሉ ይበልጥ ይገባል።

በጃፓን ከካሚዮካ ማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም በጂንዙ ወንዝ በኩል የሩዝ ማሳዎችን በከለ። አጥንታቸው የሳሳ ሕሙማን፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ «ኢታይ ኢታይ» ማለትም «ያማል፣ ያማል» ይሉ ስለነበር በሽታው በዚሁ ተጠራ። መንግሥት ምክንያቱን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የማሳዎቹን አፈር የማደሱ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠናቀቀ።

በአገራችንም የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት የአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል፤ ተመራማሪዎችም በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። የፎስፌት ማዳበሪያም ከተሠራበት ድንጋይ የመጣ ካድሚየም ሊይዝ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በአንድ ኪሎ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ከ60 ሚሊ ግራም ካድሚየም እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህን የማነሣው ማዳበሪያ እንድንተው ሳይሆን የምንገዛውን እንድናውቅ ነው።

ስለዚህ ዩኒየናችን ማዳበሪያ ሲረከብ የካድሚየሙን መጠን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት ይጠይቅ። አፈራችሁ አሲዳማ የሆነ አባላት በምርመራ በተወሰነው መጠን ኖራ ጨምሩ፤ አሲዱን ሲቀንስ ካድሚየሙንም አፈር ውስጥ ይይዘዋል። ያረጀ የመኪና ባትሪ በማሳና በጉድጓድ ውሃ አጠገብ አይፈታ፣ አይጣል። የወረዳና የከተማ ኃላፊዎችም ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ ተቆጣጠሩልን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የተበከለ አፈር ማጽዳት ጃፓንን ያህል ባለጸጋ አገር እንኳ አንድ ትውልድ ሙሉ አድክሟል። ለእኛ የሚያዋጣን ብረቱ ወደ ማሳችን ሳይገባ መከላከል ነው።