ዋይፋይና ግድግዳ
እሷ፦ ዛሬ አምቦም ሆነ ጉደር፣ ፎቅ ላይ ዋይፋይ የሚዘረጋ ሁሉ ጉልበቱን እስከ ጥግ ይለቀዋል።

እሱ፦ ምን አለበት? ይድረስ እንጂ!

እሷ፦ መድረሱማ ይደርሳል። የስልክህ መልስ ነው የማይደርሰው፤ አቅሙ ትንሽ ነዋ! ስልክህ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተህም የምድር ቤቱን ዋይፋይ አልለቅም ይልሃል።

እሱ፦ ጉልበቱን እንቀንሰው?

እሷ፦ አዎ፣ የጎረቤታሞቹን የዋይፋይ ሳጥኖችም ቻናል ለያይ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው።

እሱ፦ 5 ጊጋኸርዝስ?

እሷ፦ ቻናሉ ብዙ ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ ሳጥኑን ኮሪደር ትተህ ክፍል ውስጥ ስቀለው።

እሱ፦ በየክፍሉ? ገንዘብ ያዡን አንቺው አሳምኚልኝ!