ዛቻ ሲደርስ

እሱ፦ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተገደለ። ዛቻ እንደሚደርስበት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

እሷ፦ እኛ ዛቻን "ወሬ ነው" ብለን እናልፈዋለን፤ ይህ ያናድደኛል። የተዛተበት ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተደወለበትን ቁጥር ይጻፍ፤ መልእክቱንም አያጥፋው።

እሱ፦ የተዛተበት ሰው እንደ ፉሪ ባለ የከተማ ዳር ሰፈር የሚኖር ቢሆንስ? አምሽቶ ከለቡ ታክሲ ይይዛል፤ ከወረደ በኋላ ሰፈር ውስጥ በእግሩ ነው።

እሷ፦ እኔን የምታሳስበኝ ያቺ የእግር መንገድ ናት። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅያስ አይግባ። የሚከተለው ሰው ካለ ቤቱን አያሳየው፤ ሰው ያለበት ሱቅ ገብቶ ይደውል። ፌስቡክ ላይ የዋለበትን ቦታ የሚለጥፈውም ከዚያ ከወጣ በኋላ ይሁን።

እሱ፦ ቤተሰቡ በቴሌግራም ቢከታተለውስ?

እሷ፦ በሃጫሉ ሞት ማግስት ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ እኮ! "እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ለእገሌ ንገሩ" የሚል ስምምነት ይኑራቸው፤ የእገሌ ስልክም በወረቀት ተጽፎ ቤት ይቀመጥ።

እሱ፦ ጎረቤትስ ይወቅ ትያለሽ?

እሷ፦ የሚታመን አንድ ጎረቤት ይበቃል። ማታ በተዛተበት ሰው በር ላይ የማያውቀው መኪና ቆሞ ካየ፣ ሰውየው ቤት ሳይደርስ ደውሎ እንዲነግረው።