በጉልምስና ዘመን የሚታወቅ ኦቲዝም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በ2009 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በብሪታንያ በተደረገ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ ሱዛን ቦይል የተባሉ ስኮትላንዳዊት ወደ መድረክ ወጡ። ዕድሜያቸው 47 መሆኑን ሲናገሩ ከታዳሚው ብዙው ሣቀባቸው፤ መዝፈን በጀመሩ ጊዜ ግን ሣቁ በጭብጨባ ተለወጠ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለሙያው ሰው ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሱዛን ቦይል በተወለዱበት ሰዓት አየር አጥሯቸው አንጎላቸው ተጐድቷል እየተባለ ሲነገራቸው አድገዋል፤ በትምህርት ቤትም የእኩዮቻቸው መሣለቂያ ነበሩ። በ2012 ግን በልዩ ባለሙያ ተመርምረው ያለባቸው በዚያን ጊዜ አስፐርገር ሲንድሮም ይባል የነበረው የኦቲዝም ዓይነት መሆኑ ታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩን ለጋዜጣ ሲገልጹ የተሰማቸው እፎይታ መሆኑን ተናገሩ።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ግማሽ ምዕት ዓመት የኖረ ሰው ይህን ቢያውቅ ምን ይጠቀማል? ጠባዩ በአንድ ቀን አይለወጥም፤ ኦቲዝምን የሚያስወግድ መድኃኒትም የለም። የሚለወጠው ሰውየው በራሱ ላይ፣ ቤተሰቡና ሐኪሙም በእርሱ ላይ ሲሰጡት የኖሩት ፍርድ ነው። ፍርድ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው በእርሱ ይጽናናል፣ በእርሱም ይሰበራል።

በመሠረቱ ኦቲዝም በጉልምስና የሚይዝ ደዌ አይደለም። የአንጎል ዕድገትና አሠራር ከብዙው ሰው የሚለይበት፣ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ምልክቶቹም በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባትና በመቀራረብ ረገድ የሚታየው ችግር ነው። ሁለተኛው የተወሰነ ልማድን አጥብቆ መያዝ፣ በአንድ ጉዳይ ብቻ መመሰጥ፣ እንዲሁም ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ ወይም የልብስ ንክኪ ከልክ በላይ መሰማት ወይም ከልክ በታች መሰማት ነው። ስለዚህ «በ50 ዓመቱ ኦቲዝም ያዘው» ማለት ስሕተት ነው፤ «በ50 ዓመቱ ታወቀለት» ማለት ይገባል።

ታዲያ እስከዚያ ድረስ ለምን ሳይታወቅ ቀረ? ምክንያቱ በከፊል በሕክምናው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1920ዎቹ ዓመታት ሩሲያዊቷ ሐኪም ግሩንያ ሱኻሬቫ ስለ 6 ወንዶች ልጆች ጽፈው ነበር፤ ጽሑፋቸው ግን ለረጅም ጊዜ ተዘነጋ። በ1943 ሊዮ ካነር በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ያዩአቸውን 11 ሕፃናት፣ በ1944 ደግሞ ሃንስ አስፐርገር በቪየና 4 ወንዶች ልጆችን መርምረው ገለጹ። ሁሉም የተጻፈው ስለ ሕፃናት፣ አብዛኛውም ስለ ወንዶች ነበር። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ እንኳ ሁኔታውን የሚጠራው «የሕፃናት ኦቲዝም» ብሎ ነው።

ነገር ግን ሕፃን ሕፃን ሆኖ አይቀርም። ካነር በመጀመሪያ ተራ የመዘገቡት ልጅ ዶናልድ ትሪፕሌት በሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ አደጉ፤ ለብዙ ዓመታት በባንክ ሠሩ፤ ብዙ አገር ዞሩ፤ በ2023 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። እርሳቸው በጊዜ የታወቁ ነበሩ። በዚያው ዘመን የተወለዱት፣ በጊዜው አፋቸውን የፈቱትና ትምህርት የገባቸው ሌሎች ግን ማንም ሳያስተውላቸው ቀሩ። እንግሊዛዊቷ የአእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ፣ ራሳቸውም ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት የነበሩት፣ በ1981 ባወጡት ጽሑፍ የአስፐርገርን ሥራ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቁ። ከዚያ ወዲህ የኦቲዝም ትርጕም እየሰፋ ሄደ። በ1994 አስፐርገር ሲንድሮም በአሜሪካው መመሪያ ገባ፤ በ2013 ደግሞ ስሙ ተሠርዞ ሁሉም በአንድ ኦቲዝም ሥር ተጠቃለለ። ይኸው የ2013 መመሪያ ምልክቶቹ ከሕፃንነት ጀምሮ ያሉ ቢሆኑም ኑሮ የሚጠይቀው ከአቅም በላይ እስኪሆን ድረስ ላይገለጡ፣ ወይም በኋላ በተለመደ ዘዴ ሊሸፈኑ እንደሚችሉ ይናገራል።

ይህ መሸፈን የሚባለው ነገር በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ይታሰብ። መዝገቡ ስሕተት የለበትም። የቡና ሰዓት ሲደርስ ግን ወረቀት ያገላብጣል እንጂ ከባልደረቦቹ ጋር አይቀመጥም። ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና እየተደጋገመ የሚሄደው የአገራችን ሰላምታ ለእርሱ በቃል የተጠና ትምህርት ነው፤ መቼ እንደሚጀምር እንጂ መቼ እንደሚያበቃ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ምን ማለት፣ ምን ያህል መቀመጥ፣ መቼ መነሣት እንደሚገባው በመንገድ ላይ ሲለማመድ ይሄዳል። ሳይሆንለት ሲቀር ኩሩ፣ ልበ ደረቅ፣ ሰው የማይወድ ይባላል። ሲሆንለት ደግሞ ማንም ምንም አያይም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ በድካም የሚወድቀውን እርሱ ብቻ ያውቀዋል። ሴቶች ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጭምት እንዲሆኑና ሌላውን እንዲመስሉ ስለሚገደዱ ይህን ሽፋን ብዙ ጊዜ ከወንዶች ይልቅ ይካኑበታል፤ በዚህም የተነሣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ዘግይተው ይታወቃሉ።

ሽፋኑ ዋጋ ያስከፍላል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣው ስለ ኦቲዝም ሊጠይቅ አይደለም፤ በድብርት፣ በጭንቀት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም ሕይወቱን እስከ መጥላት ደርሶ ነው። መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል፤ ተመልሶ ይመጣል። ሥሩ ስላልተጠየቀ ለዓመታት እንዲህ ሊመላለስ ይችላል።

እውነቱ በታወቀ ጊዜ የሚመጣው እፎይታ ብቻ አይደለም። ኀዘንም አለ፤ «ያን ጊዜ ቢታወቅ ኖሮ» የሚል ቁጭት አለ። ከሰውየውም አልፎ እናቱን ይነካል። በሃያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ኦቲዝም ከእናት ፍቅር መጉደል የመጣ ነው የሚል ትምህርት ተሰራጭቶ ነበር። በርናርድ ሪምላንድ በ1964 በመጽሐፋቸው ተቃወሙት፤ በ1977 ሱዛን ፎልስተይንና ማይክል ራተር ስለ መንትዮች ያደረጉት ጥናትም የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳየ። አንዲት አሮጊት እናት ጥፋቱ የእርሷ እንዳልነበረ ዘግይታም ብትሰማው ትልቅ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝምተኛ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። የጆሮ ሕመም፣ የደረሰ መከራ፣ ሰውን የመፍራት ጭንቀት ሊመስሉት ይችላሉ፤ ከእርሱም ጋር አብረው ሊገኙ ይችላሉ። በደም ምርመራ ወይም በአንጎል ፎቶግራፍ አይለይም፤ የሚለየው በሕይወት ታሪክ ነው። በውጭ አገር የተዘጋጁ መጠይቆችም እንዳሉ ሊወሰዱ አይገባም። ዓይን ለዓይን አለመተያየት በለንደን እንደ ምልክት ቢቈጠር፣ በታላቅ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት በሆነበት አገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በኢትዮጵያ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን ካቋቋሙ ወዲህ ስለ ሕፃናቱ በይፋ መነጋገር ተጀምሯል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ጐልማሶች ናቸው። በሌሎች አገሮች እንደታየውም ልጁን ሊያስመረምር የመጣ አባት ስለ ልጁ የሚጠየቀውን ሲሰማ የራሱን ልጅነት የሚያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግሊዝ በ2009 ኦቲዝም ስላለባቸው ጐልማሶች ሕግ አውጥታለች። ሕግ እስኪወጣ ድረስ መቆየት የማያስፈልገው ግን በእያንዳንዱ የምርመራ ክፍል የሚደረገው ነው።

ይኸውም ደጋግሞ የሚመላለሰውን ጐልማሳ ከሕመሙ በፊት ስለ ነበረው ነገር መጠየቅ ነው። በልጅነትዎ እንዴት ነበሩ? ከማን ጋር ይጫወቱ ነበር? ምን ያስጨንቅዎ ነበር? እናት በሕይወት ከሌሉ ታላቅ እኅት ወይም የድሮ ጎረቤት ይመሰክራሉ። ጥያቄው ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን አንድ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ዕድሜውን ይጨርሳል።