ሳቁ ወዴት አደላ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን ልንናገር የወደድነው ስለ ፌዝና ስለ ምርጫ ነው። ይህን ነገር የመረጥነው ዐዋቂዎች ስለ ሆንን አይደለም፤ አምና የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች ሳለን በገዛ እጃችን ስለ ሠራነው ነው። የእኛን ከመናገራችን በፊት ግን ጥፋታችንን ያስታወሰንን፣ ዘንድሮ ያነበብነውን የአሜሪካ ታሪክ እናስቀድማለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1872 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት በሥልጣን ላይ የነበሩት ጄኔራል ዩሊሲዝ ግራንትና የኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆራስ ግሪሊ ነበሩ። ግሪሊ ባርነትን በብዕራቸው ብዙ ዘመን የተዋጉ ሰው ናቸው፤ በ1862 ባሮችን ነፃ የሚያወጣው ሕግ በሥራ ላይ ይውል ዘንድ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ግልጽ ደብዳቤ ጽፈዋል። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ግን ሰሜንና ደቡብ ይታረቁ አሉ፤ በ1867 የተሸነፈው የደቡብ ወገን መሪ ጄፈርሰን ዴቪስ በዋስ ሲለቀቅ ከዋሶቹ አንዱ ሆነው ፈረሙ።

ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለው ሥዕላዊ ሳምንታዊ ጋዜጣ የግራንት ደጋፊ ነበር። ሠዓሊው ቶማስ ናስት ይህን የዕርቅ ቃል ይዞ፣ ግሪሊን በሊንከን መቃብር ላይ የገዳዩን የጆን ዊልክስ ቡዝን እጅ ሲጨብጡ ሣላቸው። ባርነትን ሲቃወሙ የኖሩት ሽማግሌ የነፍሰ ገዳይ ወዳጅ ሆነው ታዩ ማለት ነው። ለምክትልነት የቀረቡት የግራትዝ ብራውን መልክ ደግሞ ለናስት ስላልተገኘለት፣ ሰውየውን በግሪሊ ካፖርት ላይ የተንጠለጠለች ስም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አድርጎ ይሥላቸው ጀመር። እኛም ይህን ስናነብ ስቀናል፤ ያስቃልና።

የግራንት ተቃዋሚዎችም ዝም አላሉም። ፍራንክ ሌስሊ የተባለው የጋዜጣ ባለቤት ማት ሞርጋን የሚባለውን ሠዓሊ ከእንግሊዝ አገር አስመጥቶ በግራንት ላይ አሣለ። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚገዛ ቤተ ሰብ በአንዱ ሰው ላይ ብቻ ሲስቅ ይከርማል። የአገራችን አዝማሪ እንኳ ያሞገሰውን ጌታ በዚያው መሰንቆ ሸርደድ ያደርገዋል፤ እነዚያ ጋዜጦች ግን ሙገሳውን ለአንዱ፣ ሽርደዳውን ለሌላው ለይተው ሰጡ።

የግሪሊ ባለቤት ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሳይሞላው አረፉ። እርሳቸውም ተሸነፉ፤ በኖቬምበር 29 ቀን፣ የመራጮች ጉባኤ ድምፁን ሳይሰጥ ሞቱ። በቀብራቸው ላይ ግራንት ተገኙ። ፌዙ ገደላቸው ለማለት አንደፍርም፤ ግራንትም በጦር ሜዳ የገነኑ ሰው ስለ ነበሩ ያለ ሥዕሉ ያሸንፉ ነበር ይሆናል። ነገር ግን ያ የመቃብር ሥዕል ሐሰት እንደ ነበረ ማን ተመልሶ ለአንባቢው ነገረው?

ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። በ2008 የአላስካ አገረ ገዥ ሳራ ፔሊን ከሪፐብሊካን ወገን ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ቀረቡ። በሴፕቴምበር ወር ለኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ሲናገሩ፣ ከአላስካ ምድር ሩሲያን ማየት ይቻላል አሉ። ይህ እውነት ነው፤ በቤሪንግ ወሽመጥ የአሜሪካ ደሴት ትንሿ ዳዮሚድ ከሩሲያ ደሴት ከትልቋ ዳዮሚድ የምትርቀው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያው ሳምንት ሳተርደይ ናይት ላይቭ በተባለው የፌዝ ዝግጅት ቲና ፌይ የተባለች ተዋናይ ፔሊንን መስላ ወጣችና «ሩሲያን ከቤቴ ሆኜ አያታለሁ» አለች። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ቃል ፔሊን ራሳቸው የተናገሩት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የውጭ አገር ጉዳይ ዕውቀታቸውን መጠየቅ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን መጠየቅ የሚገባው ባሉት ቃል እንጂ ባላሉት አይደለም።

በአሜሪካ በ1934 የወጣው የመገናኛ ሕግ፣ ጣቢያ ለአንድ ዕጩ ጊዜ ከሰጠ ለተወዳዳሪዎቹም እኩል ዕድል እንዲሰጥ ያዛል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚቆጥረው ዕጩው ራሱ የቀረበበትን ደቂቃ ነው፤ ዕጩውን መስሎ የወጣውን ተዋናይ አይቆጥርም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። አምና ለተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበርነት ሁለት ጓደኞቻችን ተወዳደሩ። አንደኛው ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈት የሚል አሳብ አቀረበ። እኛ ግን የሌላው ወዳጆች ነበርንና፣ ልጁን ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ሥለን በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለጠፍነው። አፍንጫውንም አስረዘምነው። ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ ሳቀ፤ በሦስተኛው ቀን ግን የታችኛው ክፍል ልጆች «ቤተ መጻሕፍቱን መኝታ ቤት ሊያደርገው ነው አሉ» እያሉ ይነጋገሩ ጀመር። ሰማን፤ አላረምንም። የእኛው ዕጩ ጠዋት ጠዋት እያረፈደ ከበር ይመለስ እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል፤ ለሠዓሊ ይህ ትልቅ ሲሳይ ነበር፤ አንዲት መስመር እንኳ አልሣልንበትም።

ዕጩአችን አሸነፈ። ቤተ መጻሕፍቱም ቅዳሜ እንደ ተዘጋ ቀረ። ዘንድሮ ለመልቀቂያ ፈተና ስንዘጋጅ፣ ከመካከላችን በኪራይ ቤት በአንድ ክፍል ከአምስትና ከስድስት ሰው ጋር የምንኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጻሕፍታችንን ይዘን ከተዘጋው በር አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አጥንተናል።

ያ ጓደኛችን አሁን በዚህ አዳራሽ በመካከላችሁ ተቀምጧል። ይህን ከመናገራችን በፊት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ታሪኩንም እንነግር ዘንድ ፈቃዱን ለመንነው። ሥዕሉን አውጥተን ብናሳየው ለረጅም ጊዜ ተመለከተውና «ፍራሹን በደንብ ሥላችሁታል፤ አፍንጫው ግን የእኔ አይደለም» አለን።